የአባትሽ ነጋቲቭ ጨለማ ክፍል ገብቶ ይታጠብ ወይስ ስካን ተደርጎ ይታተም?

ከጎንደር የመጣ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። «ጋሼ፣ አባቴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበራቸው፣ ካረፉ ጥር ላይ ዓመት ይሞላቸዋል። እቃ ስናስተካክል አንድ ካርቶን ነጋቲቭ አገኘን፣ ካሬ ካሬ ነው፣ ሁሉም ጥቁርና ነጭ። ፎቶ የሚያሳድጉበት ማሽን፣ ሁለት ፓኬት ያልተከፈተ ወረቀትና ምን እንደያዙ የማናውቃቸው ጠርሙሶችም አሉ። ለሙት ዓመቱ አባቴ ራሳቸው ያነሱትን አንድ ፎቶ ትልቅ አርገን ሳሎን ልንሰቅል ነው፣ እማዬ ገና ወጣት እያለች በጥምቀት ቀን ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ነጠላ ለብሳ ቆማ። ታላቅ ወንድሜ እውነተኛ ፎቶ በኬሚካል የታጠበው ነው፣ ዲጂታሉ በዓመቱ ይለቃል ብሎ ድርቅ አለ። የጠየቅነው ፎቶ ቤት ደግሞ ድሮ የታጠበውን ካርድ በስልክ አንስተን በኤአይ አጥርተን ባነር ላይ እናትምላችሁ አለን። የቱን እንያዝ? የአባዬን ጨለማ ክፍልስ መልሰን ብናስነሳው ይሆናል?»

መጀመሪያ ካርዱን አልበሙ ውስጥ መልሺው። ነጋቲቩ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ የነበረው ፊልም፣ እጅሽ ላይ እያለ ከታተመው ካርድ ላይ በስልክ ማንሳት፣ ባለቤቱ ቤት ቁጭ ብሎ እያለ ስለሱ ጎረቤት እንደመጠየቅ ነው። ወረቀት የሚይዘው የብርሃን ልዩነት ፊልም ከሚይዘው በጣም ያንሳል፣ ስለዚህ ካርድ በታጠበ ቁጥር የሆነ ነገር ይቀራል፣ ወይ ጥላው ድፍን ብሎ ይጠቁራል ወይ ነጩ ባዶ ይሆናል። የእናትሽ ነጠላ ፈትል ካርዱ ላይ ካልታየ በስልክም በኤአይም አይመጣም፣ ነጋቲቩ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። በዛ ላይ የካርዱ ጭረት አለ፣ የወረቀቱ ሸካራነት አለ፣ የስልኩ ነጸብራቅ አለ፣ እነሱን ሁሉ አብረሽ ነው ምታሳድጊው።

ሌላ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር፣ እኛ አገር «ማጠብ» ምንለው ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ፊልሙ ካሜራ ውስጥ ብርሃን ካየ በኋላ ድፍን ጨለማ ውስጥ በኬሚካል ታጥቦ ነጋቲቭ ይሆናል፣ እሱ አንደኛው ነው። አባትሽ እሱን ያኔ ጨርሰውታል፣ እና ማንም ሰው «ነጋቲቩን እንጠብልሽ» ቢልሽ እንዳትሰጪው። ሁለተኛው ማጠብ ከነጋቲቩ ወደ ወረቀት ማተም ነው፣ በቀይ መብራት የሚሠራው፣ ምክንያቱም የተለመደው ጥቁርና ነጭ ወረቀት ቀይ ብርሃን አያይም። አሁን የተጣላችሁት በዚች በሁለተኛዋ ላይ ነው። ነጋቲቩ በሁለቱም መንገድ ያው ነው፣ አንድ ጊዜ ስካን ስለተደረገ ጨለማ ክፍል መግባት አይከለከልም፣ የገባውም ስካን መደረግ አይከለከልም። ወንድምሽ ይሄን ቢሰማ ግማሹ ንዴቱ ይበርድለታል ብዬ አስባለሁ።

አሁን «ዲጂታሉ በዓመቱ ይለቃል» ወደሚለው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታይሽ ነገር ቀለም አይደለም፣ ብር ነው፣ ገንዘቡን ሳይሆን የጆሮ ጉትቻ የሚሠራበትን ብር ማለቴ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የብር ጨው ብርሃን ካገኘው ዴቨሎፐር የሚባለው ኬሚካል ወደ ጥቁር ብርነት ይቀይረዋል፣ ብርሃን ያላገኘውን ደግሞ ፊክሰር የሚባለው ያወጣዋል። ብር ደግሞ አይለቅም፣ ወንድምሽ እዚህ ላይ ልክ ነው፣ በደንብ የተሠራ ጥቁርና ነጭ ካርድ መቶ ዓመት አልፎትም ይኖራል። ዋናው ቃል ግን «በደንብ የተሠራ» የሚለው ነው፣ ምክንያቱም ፊክሰሩ ራሱ ሰልፈር ያለበት ኬሚካል ስለሆነ ከወረቀቱ ታጥቦ ካልወጣ ቀስ እያለ ብሩን ይበላና ቢጫ ከዛ ቡኒ ያደርገዋል። እኔ ጀማሪ እያለሁ አንድ ሰሞን ውሃ ጠፋ፣ ሰርገኛ ደግሞ ካርዱን አምጣ እያለ ቆሟል፣ እኔም አርባውን ካርድ በአንድ ሳፋ ውሃ ለቅለቅ ለቅለቅ አርጌ አድርቄ አስረከብኩ። በዛ ቀን ወረቀቱ ነጭ፣ ጥቁሩ ከሰል የመሰለ፣ እንዲያውም ተመሰገንኩ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሙሽራዋ አልበሟን ታቅፋ መጣች፣ ቬሎዋ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። በኬሚካል የታጠበ ነው፣ እውነተኛ ፎቶ ነው፣ ግን ያው ለቀቀ፣ ያውም በኔ ጥፋት።

ከለር ከሆነማ የወንድምሽ ክርክር ጭራሽ አይቆምም። በኛ አቆጣጠር በ70ዎቹ የታጠቡ ከለር ፎቶዎችን አልበም ገልጠሽ እይ፣ ሰዉ ሁሉ ቀይ ሆኗል፣ ሳሩም ቀይ ሰማዩም ቀይ። እነዛ ሙሉ በሙሉ በኬሚካል የታጠቡ ናቸው። ከለር ካርድ ላይ መጨረሻ የሚቀረው ብር ሳይሆን ቀለም ነው፣ ያኔ ከነበሩት ቀለሞች ደግሞ ሰማያዊው ክፍል ጨለማ አልበም ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ቀድሞ ስለሚሞት ቀዩ ብቻውን ቀረ። ደግነቱ ያንቺ ጥቁርና ነጭ ነው።

ደሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ፎቶ ቤት ሄደሽ ፍላሽ ሰጥተሽ የምትቀበይው «ዲጂታል» ካርድ ብዙ ጊዜ ራሱ በኬሚካል የታጠበ ነው። ትልልቆቹ የፎቶ ማሽኖች ፋይሉን በሌዘር ብርሃን የብር ጨው ያለበት ከለር ወረቀት ላይ ይጽፉታል፣ ከዛ ወረቀቱ እዛው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ዴቨሎፐርና ማጠቢያ አልፎ ደርቆ ይወጣል። ማለትም ጨለማ ክፍሉ አልጠፋም፣ ማሽን ውስጥ ገባ እንጂ። ስለዚህ ፎቶ ቤት ስትሄጂ «ዲጂታል ነው ወይ» ብለሽ አትጠይቂ፣ «ማሽኑ ኬሚካል ያለው ነው ወይስ ቀለም የሚረጭ ነው፣ ቀለሙስ ዳይ ነው ወይስ ፒግመንት» ብለሽ ጠይቂ። ዳይ ማለት በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ቀለም ነው፣ ርካሽ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ታትሞ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የወንድምሽ ትንቢት ይደርሳል፣ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐዩም እንደ ቆላው ፀሐይ አይደለም፣ ቀለም ይበላል። ፒግመንት ግን ያልሟሟ ደቃቅ የቀለም ቅንጣት ነው፣ ብርሃን በጣም ይችላል፣ ጥሩ ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ላይ ታትሞ መስታወት ውስጥ ከገባ ዕድሜው በደንብ ከታጠበ የብር ካርድ ጋር በአንድ ሚዛን የሚጠራ ነው። ባነሩ ውጪ ተሰቅሎ ከሩቅ እንዲታይ የተፈለሰፈ ፕላስቲክ ነው፣ ለድንኳኑ በር ከፈለጋችሁ ይሁን፣ ሳሎን ግን እንዳታስገቡት፣ ነጥብ ነጥቡ ይታያል፣ ይሸታልም።

እና ጨለማ ክፍሉ ምኑ ነው ታዲያ የሚናፈቀው? በእናትሽ ፎቶ ላስረዳሽ። የጥምቀት ፀሐይ፣ ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት፣ ምናልባትም ከግንቡ አጥር ላይ ሥሮቻቸውን የዘረጉት ዛፎች ጥላ ከኋላ። ለፎቶግራፈር ከዚህ የከፋ ፈተና የለም፣ ነጠላው ሲስተካከል ፊት ይጠቁራል፣ ፊት ሲስተካከል ነጠላው ባዶ ወረቀት ይሆናል። አባትሽ ነጋቲቩን ኢንላርጀሩ፣ ያ ፎቶ ማሳደጊያው ማሽን፣ ውስጥ ሲያስገቡ ምስሉ ሰሌዳው ላይ ተገላቢጦሽ ይወርዳል፣ ነጠላው ጥቁር ፊቱ ብሩህ ሆኖ። ቁራጭ ወረቀት ያነጥፉና በካርቶን እየሸፈኑ በአምስት አምስት ሰከንድ ደረጃ ደረጃ ያበሩበታል፣ 5፣ 10፣ 15፣ 20። ዴቨሎፐር ውስጥ ሲገባ አስር አስራ አምስት ሰከንድ ምንም የለም፣ ከዛ መጀመሪያ ዛፉ ይመጣል፣ ቀጥሎ ፀጉር፣ ቀጥሎ ፊት፣ የነጠላው ፈትል መጨረሻ ላይ፣ ከመጣ። ቁራጩን ያዩና እንበል ፊቱ በ10 ሰከንድ፣ ነጠላው በ20 ሰከንድ ደህና መሆኑን ይገነዘባሉ። ስለዚህ ወረቀቱን 14 ሰከንድ ያበሩበታል፣ ከዛ ውስጥ አራቷን ሰከንድ ሽቦ ጫፍ ላይ በተለጠፈች የካርቶን ክብ የፊቱን ብርሃን ይጋርዳሉ፣ ክቧን ሳያቆሙ እያወዛወዙ፣ ካቆሟት ፊቱ ዙሪያ ቀለበት ይሠራላ። ቀጥሎ ፊቱን ሸፍነው በሁለት እጃቸው መሃል ቀዳዳ ሠርተው ነጠላው ላይ ብቻ ስድስት ሰባት ሰከንድ ይጨምራሉ። እጃቸው ትንሽ ከተሳሳተ ወረቀቱ ይጣልና እንደገና። አንድ ጥሩ ካርድ ለማውጣት አራት አምስት ወረቀት መጣል የተለመደ ነበር፣ ደንበኛ ይሄን አያየውም፣ ዋጋ ይቀንስልኝ ይላል እንጂ።

ፎቶሾፕን የሠሩት ሰዎች ከዚሁ ነው የቀዱት። ዶጅ የሚባለውን መሣሪያ ምልክቱን እይው፣ ያች ሽቦ ላይ ያለች ክብ ናት። በርን የሚባለው ደግሞ ቀዳዳ የሠራ እጅ ነው። ፎቶሾፕ የተማሩ ብዙ ልጆች ምልክቱ ለምን እጅ እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። ስለዚህ «ኤዲት የተደረገ ውሸት ነው፣ የጨለማ ክፍሉ እውነት ነው» የሚለው ወሬ የት እንደሚወድቅ እዚህ ላይ ይታይሻል፣ አባትሽ በሕይወታቸው ሙሉ ኤዲት ሲያደርጉ ነው የኖሩት፣ ነጋቲቭ ላይ በተቀረጸ እርሳስ ሽፍታ የሚያጠፉ የድሮ ባለሙያዎችም ነበሩ። ልዩነቱ ኮምፒውተሩ ላይ መመለስ መቻሉ፣ ፊቱን በቀስታ ለብቻው ነጠላውን ለብቻው ማስተካከል መቻሉ፣ የአቧራ ነጠብጣቡን አንድ ጊዜ አጽድተሽ መቶ ኮፒ ብታትሚ መቶውም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ዓይነት ሁለት ካርድ የለም፣ በተለይ መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰዓት፣ የኢንላርጀሩ አምፖል ትንሽ ፈዘዝ ካለ 14 ሰከንድሽ 14 አይደለም፣ ማታ ራት የሚሠራበት ሰዓት ላይ የታጠቡ ካርዶች ፈዘው የሚወጡት በዚህ ነው፣ ምክንያቱ እስኪገባኝ ስንት ወረቀት ጨርሻለሁ።

መመለስ መቻሉ ግን ማቆም አለመቻልንም ያመጣል። ሁለት ነገር አስቀድመሽ በግልጽ ከልክያቸው፣ ካልከለከልሻቸው ሳትጠይቂ ይሠሩልሻል። አንደኛው ፊት ማንጣት። ብዙ ቦታ ልምድ ሆኗል፣ ፋይሉ ሲከፈት እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ቆዳ ማለስለስና ማቅላት ላይ ነው፣ እናትሽ ጠይም ከሆኑ ጠይም ሆነው ይውጡ። ሁለተኛው ያ ኤአይ ማጥሪያ። እሱ የሚያጠራው የለም፣ በሚሊዮን ከሚቆጠር ሌላ ፊት ተነስቶ «እዚህ ቦታ ላይ ዓይን እንዲህ ይመስላል» ብሎ አዲስ ዓይን ይስላል። ውጤቱ ጥርት ያለ የማታውቂያት ሴት ናት። የነጠላውን ጥለት ደግሞ ትርጉም የሌለው ጥልፍልፍ ያደርገዋል፣ አንገት ላይ ያለ ማተብ ወይ መስቀል ካለ ወደ ሐብል ሲቀይረው በዓይኔ አይቻለሁ። በብዥታ የታየ እውነተኛ ፊት ከጠራ የፈጠራ ፊት ይሻላል፣ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ስካን ላይ። ቢሮ ውስጥ ያለ የወረቀት ስካነር ከታች ነው የሚያበራው፣ ነጋቲቭ ደግሞ ብርሃን ከኋላው ይፈልጋል፣ ስለዚህ ክዳኑ ውስጥ ለፊልም የሚሆን መብራት ያለው ስካነር ያስፈልጋል፣ ወይም ማክሮ ሌንስ፣ በጣም ቀርቦ የሚያነሳ ሌንስ፣ ያለው ካሜራ ስታንድ ላይ ወደታች ተገጥሞ ከነጋቲቩ ሥር እኩል የሚያበራ የኤልኢዲ ሰሌዳ ይደረጋል። ሁለተኛውን ጎንደር ውስጥ ቪዲዮና ሰርግ የሚሠራ ልጅ ጠይቀሽ ማስደረግ ትችያለሽ፣ ክፍሉ ይጨልም ብቻ። ስልክ አምፖል ላይ ለጥፎ ማንሳት የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ይጠቅማል፣ ለህትመት አይሆንም። ካሬ ያልሽው ነጋቲቭ ስድስት በስድስት ሳንቲ የሚባለው ይመስለኛል፣ ምስሉ በተግባር 56 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ2400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 2400 ነጥብ ማለት ነው) ስካን ቢደረግ በጎኑ ወደ 5,300 ፒክስል ይሰጥሻል፣ ያ ማለት በ300 ሲታተም 45 ሳንቲ በ45 ሳንቲ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ራቅ ብሎ ለሚታይ ደግሞ 60 በ60 ሳንቲ ቢሆንም ምንም አይለውም። የስካነሩ ሳጥን ላይ 6400 ተጽፎ ስታዪ አትደነቂ፣ የዚህ ዓይነት ስካነሮች እውነተኛ የማየት አቅማቸው ከ2000 ብዙም አይርቅም፣ ቀሪው ፋይል ማወፈሪያ ነው። በቲፍ (ምስሉን ሳይጨፈልቅ የሚይዝ የፋይል ዓይነት)፣ 16 ቢት፣ ግሬይስኬል (ጥቁርና ነጭ) ያስቀምጡልሽ፣ ጄፔጉን በኋላ ከሱ ታወጫለሽ። በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪ፣ እንደ ፎቶ ከላክሽው ይጨፈልቀዋል። ነጋቲቩ ተገልብጦ ስካን እንዳይደረግም ካርዱን አጠገቡ ይዘሽ የነጠላው ጥለት በየትኛው ትከሻ እንደወደቀ አመሳክሪ፣ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ የተሰቀለ ስንት ፎቶ አለ መሰለሽ።

ነጋቲቩን በጨርቅ፣ በምራቅ፣ በአልኮል እንዳትወለውዪው፣ በአየር መንፊያ ጎማ ብቻ አቧራውን ንፊው፣ የቀረውን ኮምፒውተሩ ላይ ማጥፋት ይቻላል። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየሽበት የክረምት ሻጋታ ነው፣ ውሃ እንዳታስነኪው፣ ሻጋታው ጄላቲኑን፣ ምስሉን የያዘውን ስስ ሽፋን፣ ስለሚያላላው ውሃ ሲነካ ምስሉ ራሱ ተንሸራቶ ይሄዳል።

ህትመቱ ላይ ደግሞ አንድ የሚያናድድ ነገር ይጠብቅሻል። ጥቁርና ነጭ ፋይል በከለር ወረቀት ማሽን ሲታተም ብዙ ጊዜ ወይ አረንጓዴ ወይ ሐምራዊ ነገር ይነካካዋል፣ ምክንያቱም ግራጫውን ከሦስት ቀለም ቀላቅሎ ነው የሚሠራው፣ አንዱ ትንሽ ከበለጠ በቃ። ማታ አምፖል ሥር ደህና መስሎ ጠዋት በቀን ብርሃን አረንጓዴ ይሆናል። የተለያየ ግራጫ ቀለም ያለው የፒግመንት ፕሪንተር ይሄ ችግር በጣም ያንስበታል። ስለዚህ ትልቁን ከማሳተምሽ በፊት በዛው ማሽን በዛው ወረቀት አንድ 13 በ18 ሳንቲ አሳትሚና ልትሰቅይበት ባሰብሽው ግድግዳ ላይ አንድ ሳምንት ለጥፈሽ በቀንም በማታም እዪው። ጨለማ ብሎ ከወጣ አትደንግጪ፣ ስክሪን ከኋላው የሚበራ ነገር ነው ወረቀት አይበራም፣ ትንሽ ይቅለል ብለሽ ማሳረም ነው። ይሄ ራሱ የአባትሽ ቁራጭ ወረቀት ነው፣ ስሙ ተቀየረ እንጂ።

ጨለማ ክፍሉን ማስነሳት ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ይቻላል፣ ለጥር ግን አይሆንም። ፓኬቶቹን ብርሃን ላይ ከፍታችሁ «እስቲ ምን ይመስላል» ካላችሁ አልቋል፣ ካልከፈታችሁም ወረቀት ከዕድሜ ብዛት ብርሃን ሳያይም ግራጫ ይሆናል። መሞከር ከፈለጋችሁ በቀይ መብራት ሁለት ቁራጭ ቁረጡ፣ አንዱን ቀጥታ ፊክሰር ውስጥ፣ ሌላውን መጀመሪያ ዴቨሎፐር ከዛ ፊክሰር፣ ከዛ ብርሃን ላይ ጎን ለጎን አድርጉ። ሁለቱም እኩል ነጭ ከሆኑ ወረቀቱ በሕይወት አለ፣ ሁለተኛው ግራጫ ከሆነ ሞቷል። አዲስ ወረቀት ደግሞ እንደ ድሮው ሱቅ ገብተሽ የምትገዢው አይደለም፣ ኮዳክ ጥቁርና ነጭ ወረቀት መሥራት አቆምኩ ያለው በኛ በ1997 በፈረንጅ 2005 ነው፣ ኢልፎርድና ፎማ ዛሬም ይሠራሉ ግን ከውጭ ሰው ማስመጣት ነው፣ ኬሚካሉም እንደዛው።

ከዛ ውሃ አለ። ፕላስቲክ የተቀባው ወረቀት ሁለት ሦስት ደቂቃ ወራጅ ውሃ ይበቃዋል፣ ያ መቶ ዓመት ይኖራል የተባለለት ተራ የወረቀት መሠረት ያለው ግን ፊክሰሩን ጠጥቶ ስለሚይዝ ያለ ረዳት ኬሚካል እስከ አንድ ሰዓት መታጠብ ይፈልጋል። የጎንደርን ውሃ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ባንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃ ለቆ ፎቶ ማጠብ ከጎረቤት ጋርም ያጣላል። በሳፋ እየቀያየሩ ማጠብ ይቻላል፣ ውሃውን ደጋግሞ እየደፉ፣ አቋራጭ ሳይፈልጉ፣ አቋራጩ የት እንደሚያደርስ ከላይ ነግሬሻለሁ። ያገለገለ ፊክሰር ውስጡ ብር ስላለበት ጉድጓድም ሆነ አትክልት ላይ አይደፋም። ጠርሙሶቹን ደግሞ እንዳትከፍቷቸው፣ እንዳታሸቷቸው፣ ባዶ ለማድረግ ብላችሁ አንዱን ባንዱ ላይ እንዳትደፉ፣ በድሮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለብቻው ሲቀመጥ ሰላም የሆነ ከጠንካራ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዝ ጋዝ የሚያወጣ ነገር ይኖራል። ቡኒ የሆነው ምናልባት የሞተ ዴቨሎፐር ነው፣ ምናልባት ግን አይበቃም። ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፋችሁ አስቀምጡና ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ክፍል ሰው አማክሩ።

እና ምክሬ ይሄ ነው፦ ለጥር ነጋቲቩን አሁኑኑ ስካን አስደርጊ፣ አቧራው ይጽዳ፣ ፊቱና ነጠላው ለየብቻ ይስተካከሉ፣ ሌላ ምንም አይነካ፣ በፒግመንት ቀለም በማያንጸባርቅ የጥጥ ወረቀት ይታተም። ጎንደር ካጣሽ ፋይሉን አዲስ አበባ ልከሽ አሳትመሽ በቱቦ አስመጪ፣ ነጋቲቩ ግን ከቤት አይውጣ። ፍሬሙ ውስጥ መስታወቱ ፎቶውን እንዳይነካው በመሃል የካርቶን ክፈፍ ይግባበት፣ መስኮት ፊት ለፊት አይሰቀል፣ ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ጥግ በላይም አይሰቀል፣ ያ ጭስ በዓመታት ውስጥ መስታወቱንም ወረቀቱንም ያቆሽሻል። ቀሪውን ካርቶን ደግሞ ቀስ ብለሽ ነው፣ እያንዳንዱ ነጋቲቭ በወረቀት ፖስታ፣ በፌስታል ግን አይሆንም እርጥበት ያፍናል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸቱ ካሉ ፊልሙ ራሱ እየተበላሸ ነው፣ ለይተሽ አርቀሽ አስቀምጪና እነሱን ቀድመሽ ስካን አስደርጊ፣ የሚጠብቁ አይደሉም። ፋይሎቹ ሦስት ቦታ ይኑሩ፣ አንዱ ከቤት ውጪ፣ ለምሳሌ ሌላ አገር ያለ ዘመድ ጋ። ሰው እጅ ለእጅ የሚዞር ፍላሽ ቦታ አይባልም።

ኢንላርጀሩን አትሽጪው። ሌንሱን ፈታችሁ ሻጋታ እንዳለው እዩ፣ አኮርዲዮን የመሰለችው ቦታ ላይ ቀዳዳ ካለ በጥቁር ፕላስተር ትደፈናለች። ወንድምሽ እስከዛው እጁን ማሟሸት ከፈለገ ኢንላርጀርም አያስፈልገው፣ ማታ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይከልል፣ ከውጭ የመጣ አንድ ፓኬት ፕላስቲክ የተቀባ ወረቀት፣ ዴቨሎፐርና ፊክሰር፣ ሦስት ሳፋ፣ ቀይ መብራት። መደበኛ ቀይ አምፖል ሁሉ ደህና አይደለምና መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳንቲም አስቀምጦ አምስት ደቂቃ ከቀዩ ሥር ይተወው፣ ሲታጠብ የሳንቲሙ ክብ ከታየ መብራቱ ያቃጥላል። ካልታየ ነጋቲቩን ድብዝዝ ባለው ፊቱ ወረቀቱ ላይ አንጥፎ ንጹሕ መስታወት ይጫንበት፣ ተራ አምፖል ለሁለት ሦስት ሰከንድ ያብራ፣ ከዛ ወደ ሳፋው። ስድስት በስድስት የምታህል ካርድ ትወጣለች፣ ለኪስ ቦርሳ ልክ ናት። ለመጀመሪያው ሙከራ ግን የእናትሽን አይጠቀም፣ ከካርቶኑ ውስጥ ማንም የማያውቀው የጉርድ ፎቶ ነጋቲቭ አይጠፋም።